ለለቅሶ የተሠራ ፊት

ሽታው ነው የያዘኝ። ደሴ ውስጥ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ገብቼ እስክሪብቶ ስመርጥ፣ ባለሱቋ አዲስ የመጣ ካርቶን በምላጭ ቀደደች። ከውስጡ በላስቲክ የተጠቀለሉ ባለቀለም ጭቃዎች ወጡ። አዲስ ጫማ ከሳጥኑ ሲወጣ የሚሸተውን ታውቀዋለህ፤ እንደዚያ ያለ፣ ግን ለስለስ ያለ፣ ጥቂት የሻማ ጠረን የተቀላቀለበት። ለልጅ ነው ወይስ ለራስህ ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ሳልሰጣት ወጣሁ። ውጭ ያካፋል፣ የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ። እኔ ግን ላሊበላ፣ እኛ ቤት በረንዳ ላይ ነበርኩ፤ እህቴ አጎንብሳ ባዶ ጠርሙስ ስታንከባልል፣ ጭቃው ከጠርሙሱ ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ እየሰማሁ።

ጭቃ የምለው ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው። እህቴ ክሌይ ትለዋለች፤ ሰፈሩ የፈረንጅ ጭቃ ይለዋል። አፈር የሚባል የለበትም፤ ፕላስቲክ ነው። ለወር በረንዳ ላይ ብታስቀምጠው አይደርቅም። ለስላሳ ሙቀት ሲያገኝ ብቻ ይጠነክራል፤ ሙቀቱ ከበዛበት ደግሞ ጠቁሮ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ያወጣል። ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ በሚያወርደው መንገድ ዳር ከእናቴ ጋር ጌጣጌጥ ትሸጥ ሳለ አንዲት የውጭ አገር ሴት ናት ያስተማረቻት። ሴትየዋ ስትሄድ የተረፋትን ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ሞልታ ትታላት ሄደች። ከዚያ በኋላ እህቴ አውራ ጣት የሚያካክሉ ቀያይ ቤተ ክርስቲያኖች፣ የጆሮ ጉትቻ፣ ዶቃ እየሠራች መሸጥ ጀመረች።

መሣሪያዋ ሁሉ ከቤት የተለቀመ ነበር። መዳመጫው የወይን ጠጅ ጠርሙስ፣ መቁረጫው ምላጭ፣ መቅረጫው መርፌና የተሰበረ የጃንጥላ ሽቦ። የድንጋዩን ሻካራነት የምታወጣው ባረጀ ጥርስ ብሩሽ እየወጋጋች ነው። እኔ በዚያ ጊዜ ትምህርት ጨርሼ፣ ግጥም እጽፋለሁ እያልኩ ከቤት ቤት የምዞር ሥራ ፈት ነበርኩ፤ አጠገቧ ከተቀመጥኩ ትእዛዟ አያልቅም። መጀመሪያ በመዳፍህ እሸው፣ ካልታሸ ይሰነጠቃል። ነጩን ሳትጨርስ ጥቁሩን አትንካ። የፕላስቲክ ሳህን ላይ አታስቀምጥ፣ ሳህኑን ይበላዋል። ጋቢህን አርቅ፣ ክሩ ሁሉ ይለጠፍበታል። እንዲህ ስትቆጣ ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ አሁን ወፍሯል።

መጋገሪያ ግን አልነበራትም። መጋገሪያው ያለው ከእኛ ሰፈር በላይ ባለው ሆቴል ማድ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ አስተናጋጅ ሆኖ የሚሠራው የጎረቤታችን ልጅ ነበር። ከእኔ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጓደኛዬ ነው። ምሳ ወጥቶ ምድጃው መብረድ ሲጀምር የእህቴን ዶቃዎች በትሪ ደርድሮ ያስገባቸዋል፤ ሲደርሱ በነጭ የእጅ መጥረጊያ ሸፍኖ፣ ለእንግዳ ምግብ እንደሚያቀርብ ሰው አንድ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ያመጣቸዋል። "እመቤቴ፣ የዛሬው ሥጋ ትንሽ ጠንክሯል" ይላታል። እሷ እየሳቀች አንዱን ዶቃ በጥፍሯ ትጫነዋለች፤ በጥፍር ከሰረጎደ አልበሰለም ማለት ነው። ምን ያህል ጊዜ ያልበሰለ እየተገኘ እንደተመለሰ አሁን ነው የሚገርመኝ።

ጦርነቱ ሲመጣ እንግዳ ቀረ፣ መብራት ጠፋ፣ ሆቴሉ ተዘረፈና ምድጃው ሳይቀር ተወሰደ። ገበያው ላይ ዱቄት በጠፋበት ሰሞን ጓደኛዬ ከሌሎች የሰፈር ሰዎች ጋር ወደ ወገል ጤና አቅጣጫ፣ ዘመዶቹ ጋ እህል ፍለጋ በእግሩ ወጣ። አብረውት የሄዱት ከአንድ ወንዝ ማዶ ተኩስ እንደተነሣባቸው፣ ሁሉም በየፊናው እንደተበተነ፣ ሲሰባሰቡ እሱ እንዳልነበረ ተናገሩ። ከዚያ አንድ የጨው ነጋዴ ከዚያው ወንዝ ገደል አፋፍ ያገኘውን ጃኬት ይዞ መጣ። ጃኬቱ የእሱ ነበር። ደረቱ ላይ የሆቴሉ ምልክት ተሰፍቶበታል።

ለእናቱ ጃኬቱ በቂ ነበር። ለአባቱ አልሆነም። ልብስ ሬሳ አይደለም አሉ፤ ልጄን ሳላየው አልቅሼ አልቀብረውም አሉ። አባት እንዲህ ካለ ደግሞ ድንኳን አይጣልም፣ ሰው አይጠራም። እናቱ ጥቁር ሳይለብሱ፣ ፀጉራቸውን ሳይላጩ፣ ጎረቤት እግዚአብሔር ያጽናዎ ሳይላቸው ወራት አለፉ። ገበያ ሲወጡ ሰው ልጅዎ መጣ ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ አልመጣም ይላሉ፣ ሽንኩርት ይገዛሉ፣ ይመለሳሉ።

እኛ አገር ሰው ርቆ ሲሞት ለቅሶው ያለ ሬሳ ይለቀሳል። ልብሱ ይወጣል፣ ፎቶው ይወጣል፣ አልቃሿ ፎቶውን እያየች ስለ ዓይኑ፣ ስለ ጥርሱ፣ ስለ ቁመናው ትደረድራለች። ከጓደኛዬ ግን አንድም ፎቶ አልቀረም። ስልኩ አብሮት ሄዷል። ሆቴሉ ግድግዳ ላይ የነበረው የሠራተኞች ፎቶ በዝርፊያው ጠፍቷል። የእኔም፣ የእህቴም፣ የሁሉም ስልክ ላይ የነበረው በፍርሃት ተደምስሷል፤ በዚያ ሰሞን አንድ ፎቶ ሰው ያስገድላል ይባል ነበር። ኔትዎርክም አልነበረም፣ ከሌላ ቦታ እንዳናስልክ።

አንድ ቀን እናቱ በረንዳችን ላይ መጥተው ተቀመጡ። ከእናቴ ጋር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወፍጮው ሲያወሩ ቆዩ። ከዚያ የብስኩቱን ቆርቆሮ አዩና ወደ እህቴ ዞሩ።

"አንች ልጅ፣ በዚህ የፈረንጅ ጭቃ ፊቱን ሥሪልኝ።"

 እኔ ሰው ሠርታ እንደማታውቅ ተናገርኩ።

"ትችላለች" አሉ። "ቤተ ክርስቲያኑን ስትሠሪ መስኮቱን አትስቺም። እኔ ጠዋት ስነሣ አፍንጫው አለ፣ ማታ ስተኛ የለም። ሁሉም ሳይሄድብኝ ሥሪልኝ፤ ፊት ካለ ሰውየው አላለቅስም አይሉም።"

እንግዲህ ጉዳዩ ይኸው ነበር። እናቲቱ ልጃቸውን ማልቀስ ፈለጉ፤ ለዚያ ደግሞ ፊት ያስፈልጋቸው ነበር።

እህቴ በማግስቱ ጀመረች። ከቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ባብዛኛው ነጭና ሰማያዊ ነበር፤ ቀዩና ቡናማው ለትናንሾቹ ቤተ ክርስቲያኖች አልቋል። ነጩ ላይ የቀረችውን ቢጫ ጨመረችበት፤ የፈረንጅ ፊት ሆነ። ስለዚህ ከቤታችን ኋላ ካለው ቋጥኝ ቀዩን ድንጋይ ወቅጠን፣ በነጠላ ነፍተን፣ ዱቄቱን ትንሽ በትንሽ እየነሰነሰች አሸችበት። ቀለሙ መጣ። ትኩር ብለህ ብታየው የድንጋዩ ቅንጣት በቆዳው ውስጥ ያብረቀርቅ ነበር። ውስጡ ባዶ እንዳይሆን፣ ሲጋገርም እንዳይሰነጠቅ፣ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጨምቃ እንደ እንቁላል አድርጋ፣ በላዩ ጭቃውን እንደ ቆዳ አለበሰችው። የጣቷን አሻራ የምታጠፋው ጥጥ አረቄ ውስጥ እየነከረች ነበር። በረንዳችን በእነዚያ ቀናት ሁሉ አረቄ አረቄ ሸተተ፤ አንድ የሰፈር ሽማግሌ በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ እኔ ስጠጣ ትሰድቡኛላችሁ እናንተ ጭቃውን ታጠጣላችሁ ብለው ሄዱ።

እናቱ በየቀኑ መጡ። መጀመሪያ ላይ ሳቅም ነበረበት። "አፍንጫውን አትሰስችበት" አሉ። "የአባቱን ነው የወረሰው፤ ለእሱ ብቻ አንድ ቆርቆሮ ያስፈልግሻል።" እናቴ ሳቀች፣ እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቃቸው መሐል ላይ ቆመና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱት።

እኔንም ጠየቁኝ። አብሬው ያደግሁ ነኝ። ቃል አለኝ ብዬ የምመጻደቅ ሰው አገጩ ምን ይመስል እንደነበር መናገር አቃተኝ። አረማመዱን አውቃለሁ፤ ስሜን ሲጠራ መጨረሻውን እንዴት እንደሚጎትት አውቃለሁ። ዓይኖቹ መሐል ስንት ጣት ይገባል ሲሉኝ ግን አላውቅም። ሰው የሚወደውን ፊት ያየዋል እንጂ አይለካውም።

እህቴ ግን ታውቅ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ መርፌዋን ጥቁር ጭቃ አስነክታ ከአገጩ ሥር፣ አንገቱ በሚጀምርበት ቦታ፣ አንዲት ነጥብ አሳረፈች። እናቱ ቀረብ ብለው አዩ።

"ይህን እኔ እናቱ እንኳ ረስቼው ነበር። አንች በምን አወቅሽው?"

እህቴ ቀና አላለችም። "ምድጃው ዘንድ ሙቀት አለ፤ ኮሌታውን ይከፍት ነበር" አለች።

እናቱ መቀመጫቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። ከዚያን ቀን በኋላ አንች ልጅ ማለታቸውን ትተው ልጄ ይሏት ጀመር።

ነገር ግን ፊቱ በየቀኑ ይለወጥ ነበር። እናቱ ጉንጩ ሰፋ ይበል ይላሉ፤ ይሰፋል። ግንባሩ ወጣ ይበል፣ ከንፈሩ ይሳሳ፣ አይ ይህን ያህል አይደለም፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ይግባ። እህቴ እሺ እማማ እያለች በጃንጥላው ሽቦ ትገፋለች፣ ትስባለች። ጀምበር ስትጠልቅ፣ እሳቸው ሲሄዱ፣ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ሳይሆን በሻማ በተቀባ ወረቀት ትሸፍነዋለች። አንድ ምሽት ላይ ሳትሸፍነው ቆየች።

"እየሄደብኝ ነው" አለች። "እሳቸው የሚሉኝ ሌላ ሰው ነው።"

ለምን አትነግሪያቸውም አልኳት።

"እናቱ ናቸው። እኔ ምኑ ነኝ ልበላቸው?"

ወረቀቱን አንሥቼ ፊቱን ሸፈንኩት። 

አባቱ ነገሩን የሰሙት ከሰው ነው። በሩ ላይ ቆመው፣ ገብተው ሳይቀመጡ፣ ፊቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ እህቴን "ትንፋሹንስ ከየት ልታመጭለት ነው?" ብለዋት ወጡ። እህቴ ያን ቀን አልሠራችም። ቀጥለው የመጡት የእናቱ የነፍስ አባት ናቸው፤ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ድረስ በእግራቸው። እኛ ዘንድ ሥዕል ይሳላል እንጂ ቅርጽ አይቀረጽም፤ ቅርጽ ያለው ነገር ቤት ውስጥ ማኖር ወደ ጣዖት ይወስዳል ብለው በእርጋታ አስረዱ። እናቱ መስቀሉን ተሳልመው እግራቸው ሥር ተቀመጡ።

"ልሰግድለት አይደለም አባቴ" አሉ። "ላለቅስለት ነው።"

አባ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። በመጨረሻ ከሥዕለ አድኅኖ አጠገብ እንዳያደርጉት፣ ሲጸልዩም በጨርቅ እንዲሸፍኑት ብቻ ነግረው ሄዱ።

ቀጣዩ ችግር ሙቀቱ ነበር። መብራት የለም፣ ምድጃ የለም። እህቴ በብረት ድስት የወንዝ አሸዋ ሞልታ፣ ድስቱን ከሰል ላይ ጥዳ፣ በክዳን ዘግታ ሞከረች። መጀመሪያ ፊቱን አላስገባችም፤ ከተራረፈው ጭቃ ትናንሽ ድብልብሎች አስገባች። የመጀመሪያው ጠቁሮ ጭሱ ከግቢ አስወጣን። ሁለተኛው ስታጥፈው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ፤ ሙቀት አንሶታል። ከሰሉን ወደ ዳር እየገፋች፣ ክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም እያስቀመጠች፣ ስታጥፈው ጎብጦ የሚመለስ ድብልብል እስክታገኝ ደከመች። ከዚያ ነው ፊቱን በአሸዋው ላይ በጥጥ አስደግፋ ያስገባችው።

እናቱ አጠገቡ ተቀመጡ። ሸክላ ሲተኮስ አይተው ያደጉ ሴት ናቸው፤ ጭቃ የሚጠነክረው በነበልባል መሆኑን ያውቃሉ። እህቴ ውኃ ልትቀዳ ዞር ስትል፣ ይህች ፍም ምን ታደርግለታለች፣ ነገ ይሰበርብኛል ብለው ከሰል ጨመሩበት። እኔ ያየሁት ሽታው ሲመጣ ነው። እህቴ ባልዲዋን ጥላ ሮጣ ክዳኑን በእጇ ከፈተችው፤ ጣቶቿ ላይ የውኃ ቋጠሮ ወጣ። ፊቱ ተርፎ ነበር። ጉንጩ ላይ እሷ የቀለመችው የድንጋይ ቅላት ግን ደብዝዞ፣ ከሁለት ቀን በፊት ያለቀሰ ሰው ቆዳ መስሎ ነበር።

እናቱ አጠፋሁ አላሉም። በነጠላቸው ጠቅልለው፣ እንደ ሞቀ ሕፃን ደረታቸው ላይ ይዘው ቤታቸው ገቡ።

በዚያው ሳምንት ለቅሶው ተለቀሰ። አባቱ አልፈቀዱም፣ አልከለከሉም፤ የፈለጋችሁትን አድርጉ ብለው ተዉት። ጃኬቱ አልጋ ላይ ተዘረጋ፤ ፊቱ ከኮሌታው በላይ ተቀመጠ። የመጣው ሰው መጀመሪያ ፈራ። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም፤ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ አንዲቱ አማተበች። ከዚያ አልቃሿ ወደ ፊት ወጣች፣ አጎንብሳ አየችው፣ ቀና ስትል ድምፅዋ ተከፈተ። ስለ ግንባሩ ደረደረች፣ ስለ ጉንጩ ደረደረች፣ ስለ ከንፈሩ። እናቱ በዚያን ጊዜ ደረታቸውን መቱ። ወራት ሙሉ ታፍኖ የቆየው ሁሉ ወጣ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም፤ ልጽፈው ብዙ ጊዜ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

ከገነተ ማርያም የመጡ የእናቱ እህት አልጋው አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"ወንድማችንን ነው የመሰለው" አሉ። "ሟቹን ወንድማችንን፣ ቁርጥ።"

"ድሮም እሱን ይመስል ነበር" አሉ እናቱ እያለቀሱ።

ጓደኛዬ አጎቱን አይመስልም ነበር። እህቴ ከኋላዬ ቆማ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። አባቱ ከግቢው ዳር፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ሳያለቅሱ ቆመው ነበር። አንድ ሰው ሊያጽናናቸው ሲጠጋ፣ ለፕላስቲክ አላለቅስም አሉት።

ከዚያ መብራት መጣ፣ ኔትዎርክ መጣ። ሆቴሉ ግማሹን አድሶ ተከፈተ፤ እንግዳው ግን ጥቂት ነው። እህቴ ዛሬ የልብስ ስፌት ማሽን ላይ ናት። የብስኩቱ ቆርቆሮ አልጋ ሥር ነው፤ ባለፈው ስከፍተው የቀረው ጭቃ ተፈረካክሷል። ቢታሽ፣ ትንሽ ዘይት ቢጨመርበት ይመለሳል፤ ራሷ ናት ያስተማረችኝ። አልነካሁትም።

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ነው፤ ከጦርነቱ በፊት ሆቴሉ ውስጥ ያረፈ አንድ እንግዳ ያነሣቸውን ፎቶዎች ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ላከ። አንዱ ላይ ጓደኛዬ አለ። ሁለት ሳህን ይዞ፣ ኮሌታውን ከፍቶ፣ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ላለ ሰው እየሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ሲያሳየኝ ለትንሽ ጊዜ እኔም ተጠራጠርኩ። የማስታውሰው ሌላ ፊት ነበር፤ እህቴ የሠራችው።  ፎቶውን በስልኬ ተቀብዬ ወልድያ ወስጄ አሳጠብኩትና ከእህቴ ጋር ወደ ወላጆቹ ቤት ሄድን። በመንገድ ላይ እህቴ ፎቶውን ይዛ ነበር።

አባቱ በመስኮቱ በኩል ወደ ብርሃኑ አድርገው አዩት።  ለሚስታቸው ሰጧቸው፣ ዱላቸውን ሳይዙ ተነሥተው ወጡ። እናቱ ፎቶውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ዳርና ዳሩን ዳበሱት።

"ደስ የሚል ልጅ ነው" አሉ። "ማነው? ከእሱ ጋር ይሠራ የነበረ ነው?"

እኔ አፌን ከፈትኩ። እህቴ ቀደመችኝ።

"አዎ እማማ" አለች። "አብሮት ይሠራ የነበረ ልጅ ነው።"

"አለ?"

"የለም።"

እናቱ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከግድግዳው ማዶ፣ ከግቢው ጥግ፣ የአባቱ ለቅሶ መጣ፤ የወንድ፣ የታፈነ፣ ማንም ያልተጠራበት። እናቱ ምን ሆኑ ሰውየው ብለው ወደ በሩ ዞር አሉ። ከዚያ ፎቶውን ለእህቴ ዘረጉላት።

"እናቱን ፈልገሽ አድርሽላት ልጄ። ምናልባት እንደኔ አንድም የላት ይሆናል።"

"እሺ እማማ" አለች እህቴ፤ ፎቶውን ተቀብላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።